ሞተሩን አጥፍተህ አንብበው

አዘዞ፣ መጋቢት 19 ቀን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለአያ፤

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ፣ ልጅህ ቤዚስ እንደምን ናቸው? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ የዱቄቱ ብናኝ አሁንም ደረትህ ላይ ተቀምጧል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ ጾሙንም እንደ ልማዷ ከቄሶቹ በላይ አጥብቃ ይዛለች። እኔም አለሁ። «ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን «አለሁ» ይበቃል።

አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ደብዳቤ የወፍጮውን ሞተር አጥፍተህ አንብበው። ገበያተኛው ወረፋ ይዞ ቢያጉረመርም ያጉረምርም፤ አንድ ቀን ቢጠብቁህ በረሃብ አይሞቱም። ስልክማ ስንቴ ደወልኩ! የማገኘው የወፍጮህን ጩኸት ነው፤ አንተም ከጩኸቱ መሐል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። በአሥራ አንድ ዓመት እኔና አንተ በስልክ ያወራነው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ቁና እህል እስኪፈጭ አይቆይም። ሆን ብለህ እንደምታደርገው አውቃለሁ። ሰው ከሰው መነጋገር የማይችልበትን ሥራ ለምን እንደመረጥክም አውቃለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ለሾፌሩ ለጌትነት ሰጠሁት፣ እህል ጭኖ ወደ አዲ አርቃይ ለሚወርደው። በገዛ እጅህ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ነገሩ ስለ ታናሿ እህታችን ስለ ሚስጥር ነው። አትደንግጥ፣ በሕይወት አለች። ይህን ስጽፍ እዚያ ማዶ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን እያንቀጫቀጨች የራሷን የሠርግ ቀሚስ ታጠብባለች። ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ትዳራለች። ዳባት የሚያስተምረውን ምስጋናውን ነው የምታገባው፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ብታውቀው ትወደዋለህ። የቀረን ሃያ ሁለት ቀን ነው። እኔ ቀን መቁጠር ከጀመርኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አንተ ታውቃለህ፤ ልጅ ሆነን ፈተና ሲደርስ አልጋ ላይ ስገላበጥ በእግርህ የምትገፋኝ አንተ ነበርክ።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሚስጥር አዘዞ ሚኒባስ መቆሚያው ዘንድ ቆማ ሳለ አጠገቧ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሌላው ሰው ደነገጠ፣ ከዚያ በድንጋጤው ሳቀ። እሷ ወደቀች።

ሰፈር ውስጥ ስለነበርኩ ቶሎ ደረስኩ። ሰው ከቧታል። አንዱ ክብሪት እየጫረ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋል፣ አንዷ ሎሚ አምጡ ትላለች፣ አንዲት ባልቴት ደግሞ ማን ነው ያያት፣ ማን ነው የበላት እያሉ ከከበባት ሰው መሐል ዓይነ ክፉ ይፈልጋሉ። ጭንቅላቷን ወደ ክንዴ ሳብኩ፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ጣቴን አንገቷ ላይ አኖርኩ። አያ፣ የልብ ምት እንዴት እንደሚዳሰስ በየዓመቱ ለሁለት መቶ ተማሪ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የእሷን ምት ከራሴ መለየት አቃተኝ። ደግነቱ እኔ ሳልረዳት ራሷ ዓይኗን ገለጠች። ምነው ሰው በዛ ብላ ጠየቀች። ከዚያ ጫማዬ የት አለ አለች። እኔ እዚያው አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷ ናት አቅፋ ያነሣችኝ።

ሆስፒታል ወሰድኳት። አብራኝ የተማረች ዶክተር ልዕልት የምትባል የልብ ሐኪም አለች፤ ነገር አታስውብም፣ የመጣላትን ፊት ለፊት ትናገራለች። ኢሲጂ የሚሉትን፣ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚስለውን መሣሪያ፣ ደረቷ ላይ አጣበቀችላት። ወረቀቱ ሲወጣ አንዴ አየችውና ምንም ሳትናገር ለእኔ ዘረጋችልኝ። ያኔ ፈራሁ፤ ልዕልት ዝም ያለችበትን ቀን አይቼ አላውቅም። ማስመሪያ ጠየቅኳት። «ለምኑ ነው? በዓይን የሚታይ ነገር ነው» አለችኝ። የሚስጥር ልብ ከመታ በኋላ ለማረፍ የሚፈጅበት ጊዜ ከሚገባው በላይ ረዝሟል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርህ። «ምሁሯ መጣች፣ ዝም በሉ» እያልክ የምታሾፍብኝን ለዛሬ ተወው።

ልብ የተሠራው ዓይን በማያያቸው ሴሎች ነው። እያንዳንዱ ሴል ግድግዳ አለው፣ ግድግዳውም ብዙ ጥቃቅን በሮች አሉት። እኛ አዮን ቻናል እንላቸዋለን፤ አንተ በር በላቸው። አንደኛው ዓይነት በር ሲከፈት ከጨው የምናገኘው ሶዲየም ይገባል፤ ሲገባ ሴሉ ይነቃል፣ ልብም ይመታል። ከዚያ ሌላ ዓይነት በር ይከፈትና ፖታሲየም ይወጣል፤ ሲወጣ ሴሉ ያርፋል፣ ለሚቀጥለው ምት ይሰናዳል። መንቃትና ማረፍ፣ መንቃትና ማረፍ፤ ስንኖር በደቂቃ ሰባ ጊዜ የምናደርገው ይህንን ነው። የእኛ ቤት ችግር መውጫው በር ላይ ነው። በሩ አለ፣ ግን ከፍጥረቱ ቀርፋፋ ነው። የንግሥ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑን በር አስበው፤ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሳይወጣ ውጭ ያለው ከገባ መረጋገጥ ይሆናል።

ሴሉ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በሮቹን ራሱ ይሠራቸዋል፣ ወደ ግድግዳው ይልካቸዋል፣ ያረጀውን መልሶ ወደ ውስጥ ስቦ ያፈርሰዋል። ስንት በር መቼ መከፈት እንዳለበት ሳያቋርጥ ይቆጣጠራል። እኔ ይህንን ሳስተምር ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ ፈጣሪ ለዚያች ኢምንት ነገር እንኳ ዘበኛ አቆመላት እላለሁ። ግን ዘበኛውም ይሳሳታል። ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ ሴሉ እነዚያን መውጫዎች ከግድግዳው እየነቀለ ወደ ውስጥ ይወስዳቸዋል። ሰው ሲያስመልሰው ወይም ሆዱ ሲሄድ ፖታሲየም ያንሳል። አንዳንድ መድኃኒት ደግሞ መውጫው ላይ ገብቶ ይሰነቀርና ይዘጋዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ድንገተኛ ድንጋጤ ሲመጣ ሰውነት ልብን «ሩጥ» ይለዋል፤ ልብ ይሮጣል፣ ያላረፈው ሴል ይመታል፣ ምቱ ይዘበራረቃል፣ ሰውዬው ይወድቃል። ከወደቁት አብዛኞቹ በደቂቃ ውስጥ ይነሣሉ። አንዳንዶቹ አይነሡም።

ድንጋጤው የጎማ ፍንዳታ ሊሆን ይችላል። ነጎድጓድ፣ የስልክ ጥሪ፣ ደወል ሊሆን ይችላል። ጥይትም ሊሆን ይችላል።

አሁን ገባህ። ሞተሩን አጥፋ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ስለ እህታችን ስለ ሐረገወይን እንነጋገር፣ አያ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሟን ለእናታችን እንጂ ለአንተ ጠርቼልህ አላውቅም። አስታውስ፣ ከሠርጓ በፊት ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበር። አንዴ በሐምሌ፣ ጥድ ላይ መብረቅ ሲወርድ፤ አንዴ ደግሞ ከእንቅልፏ አንተ ጮኸህ ስትቀሰቅሳት። ሁለቱንም ጊዜ ተነሣች። ቡዳ ነው ተባለ፣ ጠበል ተወሰደች፣ ዳነች ተባለ። አባታችንም ገና በጎልማሳነቱ ማታ ደህና ገብቶ ጠዋት ሳይነሣ የቀረው ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ ጥሪው ነው አልን። ዶክተር ልዕልት ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አላችሁ ብላ ተቆጣች። ማን ጠየቀን? እያንዳንዱን ለብቻ ቀበርነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ያየ አልነበረም።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። አጃቢዎቹ ከታች በዘፈን ሲመጡ አንተ ዳሱ በር ላይ በአባታችን ምንሽር ሦስት ጊዜ ተኮስክ። ያልተኮሰ ወንድም እህቱን አላከበረም በሚባልበት አገር ምን ልታደርግ ኖሯል? ሁለተኛው ሲጮህ ሐረግ ከጎኔ ተንሸራታ ወደቀች። እኔ ሣቅ የመጣባት መስሎኝ በክንዴ ጎሸም አድርጌያታለሁ። ሴቶቹ በጓዳ ልብሷን ገልጠው ጥይት ፈለጉ፤ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው ቃላቸውን ተቀበሉ። አንዲት ጭረት አልተገኘባትም። ቢሆንም አንተ ምንሽሩን ግድግዳው ላይ አስደግፈህ ወጣህ፣ ቀብሯንም ከማዶ ዛፍ ሥር ቆመህ ነው ያየኸው። ማንም ገደልክ አላለህም። ማንም አልገደልክም ያለህም የለም።

እነሆ እኔ ልበልህ፦ አልገደልካትም። ልብ እንድትልልኝ ደግሜ እጽፈዋለሁ፦ አልገደልካትም። ማስረጃዬንም አመጣለሁ። እዚህ ላይ ግን ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ውሃ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ያን ሳምንት ሐረግ ጉሮሮዋን አሟት ነበር። ሠርጓ ደርሶ ድምጿ ተዘግቶ ታለቅስ ነበር። ፔኒሲሊን ሰውነቷን ያሳክካታል። እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ገና የሬሳ አጥንት ስም እየሸመደድኩ ቤት ስገባ ሐኪም ነበርኩ። እናታችን ለጎረቤት «ልጄ ዶክተር ናት» ስትል አላረምኳትም። ዳባት ሄጄ ኢሪትሮማይሲን የሚባል ኪኒን ገዛሁላት። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ብዙ ሰው ያድናል። ጠዋትና ማታ በእጄ አጎረስኳት፤ በሠርጉም ጠዋት ፀጉሯ እየተሠራ ሳለ አንዷን ኪኒን ከንፈሯ ላይ ያለው ቀለም እንዳይነካ ተጠንቅቄ አፏ ውስጥ ጣል አደረግኩላት። አመሰገነችኝ። ያ ኪኒን መውጫው በር ላይ ገብተው ከሚሰነቀሩት አንዱ ነው።

በዚህ ብቻ ቢሆን። ሠርጉ ጥር ላይ ነበርና ከገና ጀምሮ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ከርሟል። እናታችን «ልጄ ከነኮሶዋ ሰው ቤት አትገባም» ብላ ዓርብ ለት ኮሶ አጠጣቻት። ታውቃለህ እንዴት እንደሚያደርግ፤ ዓርብን ሙሉ ሆዷ ሲሄድ፣ ሲያስመልሳት ዋለች። ቅዳሜ ደካክማ ትስቅ ነበር፣ ወገቤ ቀጠነልኝ እያለች። ፖታሲየሟ በኮሶው ወጥቷል ማለት ነው። ሴሉ የቀሩትን መውጫዎች ነቅሏል ማለት ነው። እሑድ ጠዋት ደግሞ የተረፈውን እኔ ዘጋሁት። የአንተ ጥይት የደረሰው በመጨረሻ፣ ሁሉም በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቃ የተነሣች ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ትነሣ ነበር ይሆናል። ይሆናል ነው የምልህ፤ እርግጠኛውን ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ሦስታችንም በፍቅር ያደረግነው ነበር። የወጣኸው አንተ ብቻ ነህ።

ከዚህ የባሰውን አልነገርኩህም። ይህን ያወቅኩት ዛሬ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለክፍል ሳዘጋጅ እነዚያን በሮች የሚዘጉ መድኃኒቶች በሰንጠረዥ ተዘርዝረው አየሁ፣ የእኔ ኪኒን መሐላቸው አለ። መጽሐፉን ዘጋሁት። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስሙን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ ተማሪዎቹ ገለበጡ፣ አጠፋሁት። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ይህ በሽታ በእኛ አገር አለ ወይ ስትለኝ «ብዙ የተመዘገበ የለም» አልኳት። ውሸት አይደለም። ከውሸት ግን ይከፋል። ያን ቀን ወደ አንተ ብመጣ ኖሮ አንተ ሦስት ዓመት ቀድመህ ታርፍ ነበር፣ ሚስጥርም ጎማ እስኪፈነዳ ሳትጠብቅ ትመረመር ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። አንተ የተሸከምከውን ከአንተ ላይ ባነሣ የማስቀምጥበት ትከሻ የራሴ ስለሆነ ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ መስማት ብቻ።

ከፈለግህ ርገመኝ። ግን ከሠርጉ በኋላ ርገመኝ፤ አሁን እፈልግሃለሁ።

ለሚስጥር የሚደረገው ሁሉ ተጀምሯል። ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት ታዞላታል፤ የድንጋጤውን ኬሚካል ከልብ ይመክተዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ አንዲት ቀን አትታለፍም። በጾም ጠዋት ኪኒን አልውጥም ብላ አስቸግራን ነበር፤ የነፍስ አባታችን ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ጠርተው «ልጄ፣ መድኃኒት መብል አይደለም» አሏትና ተገላገልን። ጠበሉንም አልከለከልኩም፣ እኔ ማን ነኝ? ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይደፉባት ብቻ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም በጽዋ ይሰጧታል። መድኃኒቱ በመጀመሪያው ሳምንት እጅና እግር ያቀዘቅዛል፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበት ያሳጣል፣ ሕልም ያበዛል። የሚገርመው ሚስጥር አንድም ሕልም አላየሁም ትላለች። ፖታሲየም እንዳያንሳት ሙዝና ድንች አበላታለሁ። የሁላችንንም ስልክ ጥሪ አጥፍቼ ንዝረት ላይ አድርጌዋለሁ። የማንቂያ ሰዓቴን ለጎረቤት ሰጠሁ፣ የግቢውን በር ደወል በእጄ ነቀልኩ። ተማሪዎቼንም ቢሮዬ ስትመጡ በር አታንኳኩ፣ ገፋ አድርጋችሁ ግቡ ብያቸዋለሁ። መምህራችን ምን ነካት ሳይሉ አይቀሩም።

ከእናታችን ጋር ደግሞ ጦርነት ላይ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ለሚስጥር የምታጠጣትን ኮሶ ከአሁኑ ገዝታ አስቀምጣለች። አይሆንም አልኳት። ለምን ትለኛለች። ለምን ብዬ ልንገራት? ያንን ከነገርኳት እሷን ቀብረን ነው ሠርግ የምንደግሰው። ስለዚህ የምሁር ትዕቢት አስመስዬ ተቆጣኋት፤ «ኋላ ቀርነት ነው» አልኳት፣ እኔ እናቴን! አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች። ታኩርፍ። አደራህን፣ ይህንን እስከ መቃብሯ አትንገራት። የእኔን ኪኒን ንገራት፣ የእሷን ኮሶ ግን አትንገራት።

አሁን የቀረው ጥይቱ ነው።

ሚስጥር ለምስጋናው ሁሉንም ራሷ ነገረችው፤ የምትተወኝ ከሆነ አሁን ተወኝ አለችው። እሱ መድኃኒቱ ስንት ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠይቆ ስልኩ ላይ መዘገበ። ችግሩ አባቱ ናቸው፣ አቶ አወቀ። ሠርግ ያለ ተኩስ ለቅሶ ነው፣ ሰውስ ምን ይለኛል ይላሉ። የእሳቸው ዘመድ ሁሉ መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በዚህ ዘመን መሣሪያ የሌለው ማን አለና። የኢሲጂውን ወረቀት ይዤ ዳባት ድረስ ሄድኩ። ዘርግቼ አስረዳኋቸው፣ በሩን፣ ፖታሲየሙን፣ ሁሉንም። አክብረው ሰሙኝ። ከዚያ ሳቅ ብለው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉኝ። ወረቀቱን ጠቅልዬ ልወጣ ስነሣ ግን መለሱኝ። እሳቸው ያን እሑድ በር ላይ ቆመው የሴቶቹን ቃል ከተቀበሉት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። እንዲህ አሉኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፦ «ያ ልጅ ራሱ መጥቶ፣ አወቀ አትተኩስ ቢለኝ፣ እንኳን እኔ ዘመዴም ቃታ አይነካም። ካለ እሱ ግን ከወረቀት ጋር አልነጋገርም።»

አየህ አያ? እኔ አሥር ዓመት የተማርኩት በዚያ ቤት ከአንተ አንዲት ቃል በታች ነው። ና። ከሠርጉ በፊት መጥተህ አቶ አወቀን አነጋግራቸው። በዕለቱም በአባታችን ቤት ዳሱ በር ላይ፣ ያን ጊዜ በቆምክበት ቦታ ቁምልኝ። የሚመጣውን መሣሪያ ሁሉ እየተቀበልክ ጎተራው ቤት አስቀምጥና ቁልፉን ኪስህ ክተት። አንተ እጅህን ስትዘረጋ የማይሰጥህ ሰው በዚያ አገር የለም፤ ለምን እንደምትጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ባትመጣ ምን እንደሚሆን በየቀኑ አስበዋለሁ። ዘፈኑ ከታች ሲመጣ ይሰማኛል፣ ከዚያ ሚስጥር ከጎኔ ተቀምጣ አያታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማሰብ እተዋለሁ። እባክህ።

ስትመጣ መጀመሪያ ጎንደር ውረድ። ቤዚን ይዘሃት ና። ዶክተር ልዕልት ከዚያ አባት የወጣ ሁሉ፣ ልጆቹም ጭምር፣ ደረቱ ላይ ያ መሣሪያ ይለጠፍበት ብላለች። ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣው እኩል ነው፣ ወይ ደርሶታል ወይ አልደረሰውም። አያምም፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ ቤዚን ከረሜላ ገዝቼ አስተኛታለሁ። ከአንተና ከእሷ በቀር የቀረ የለም፤ ሌሎቻችን ተመርምረናል። የሁሉንም ወረቀት አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ለእናታችን የሚስጥርን ብቻ ነው ያሳየኋት።

እንግዲህ እግርህን ከዕንቅፋት፣ ልብህን ከድንጋጤ ይጠብቅልኝ። ቤትህን ጤና ይሙላው፤ የወፍጮህ ድንጋይ አይሰበር፣ ቤዚም አድጋ ትዳርልህ። የሐረግን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። ያጠፋሁብህንም ይቅር ለማለት ልብህን ያራራልኝ። ጌትነት ማክሰኞ ይመለሳል፤ መልስ አትጻፍ፣ ከመኪናው ላይ ራስህ ውረድልኝ።

የበደለችህ፣ የምትጠብቅህ እህትህ

አንድ ነገር ረስቼ፦ ስትመጣ የግቢውን ቆርቆሮ በር በድንጋይ እንዳትደበድበው፣ እንደ ድሮህ ከመንገድ ጀምረህም እንዳትጮህ። በሩ ዘንድ ቆመህ ቀስ ብለህ በስሜ ጥራኝ፣ እሰማሃለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሚስጥርና እናታችን ለሠርጉ ጉዳይ ዳባት ስለሚሄዱ ብቻዬን ነኝ። ቢሆንም ቀስ ብለህ ጥራ፤ የእኔም ወረቀት ከሚስጥር ወረቀት አይለይም።